ለአካል የሚስማማ ብስክሌት መምረጥ፦ የፍሬም ልክና በጫማ ጫፍና በፊት ጎማ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት

ብስክሌት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ዋጋውን፣ የጎማውን ቁጥር፣ የፍሬኑን ጥንካሬና ቀለሙን ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ለማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ የሚሆን አንድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይታለፋል፤ ይኸውም መሪው በሚዞርበት ጊዜ የፊት ጎማው ከብስክሌተኛው የጫማ ጫፍ ጋር የሚገናኝ መሆን አለመሆኑ ነው። መቀመጫው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል፣ መሪው ሊስተካከል፣ ፍሬኑም ሊቀየር ይችላል። ከፔዳሎቹ መሐል እስከ ፊት ጎማ ያለው ርቀት ግን ፍሬሙ ሲሠራ የተወሰነ በመሆኑ ማንም ጠጋኝ በኋላ ሊያስረዝመው አይችልም። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ማጣራት የሚገባው ከግዥ በፊት ነው።

ይህ ጽሑፍ ብስክሌት ለመግዛት፣ ለመከራየት ወይም ለልጆቻቸው ለማቅረብ ያሰቡ ዜጎች የብስክሌቱን ልክ በራሳቸው መመዘን እንዲችሉ የሚረዱ ነጥቦችን ያብራራል። ለመለኪያነት የሚያስፈልገው አንድ ሜትርና ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

የጉዳዩ አስፈላጊነት

እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት ለረጅም ጊዜ የተማሪው፣ የሠራተኛውና የነጋዴው መጓጓዣ ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር፣ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ፣ ከዚያም በኮሪደር ልማት የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለዚህ መጓጓዣ የተሰጠውን ትኩረት ከፍ አድርገውታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2010 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የዓለም የብስክሌት ቀን በየዓመቱ ግንቦት 26 ቀን ይከበራል።

መንገዱ ቢመቻችም ብስክሌቱ ለሚነዳው ሰው የማይስማማ ከሆነ ጉዞው አስተማማኝ አይሆንም። ብዙ ሰው ብስክሌትን የሚለየው «ሃያ ስድስት» ወይም «ሃያ ስምንት» በሚል የጎማ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የጎማውን መጠን እንጂ የፍሬሙን ልክ አይገልጽም። ሁለት ብስክሌቶች እኩል ጎማ ኖሯቸው አንዱ ለረጅም፣ ሌላው ለአጭር ሰው የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ጎማው ጫማን የሚነካው እንዴት ነው?

ፔዳሉ በዙሪያው ሲጓዝ ወደ ፊት ጎማ እጅግ የሚቀርብበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ፔዳሉን የያዘው ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ እግሩ ከጎማው ጎን ስለሚያልፍ ችግር አይታይም። መሪው ሲዞር ግን ሁኔታው ይለወጣል። መሪው ወደ ግራ ሲዞር የጎማው የፊት ጠርዝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ብስክሌተኛው የቀረበው የኋላ ጠርዙ ደግሞ ወደ ቀኝ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት የቀኝ እግር ወደ ፊት የተዘረጋ ከሆነ ጎማው የቀኙን ጫማ ጫፍ ሊነካ ይችላል። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የሚነካው የግራው ጫማ ነው። በአጭሩ፣ አደጋ የሚያገኘው እግር ብስክሌተኛው ከሚታጠፍበት አቅጣጫ በተቃራኒው በኩል ያለው ነው።

ይህ ክስተት በተለመደው ፍጥነት እምብዛም አያጋጥምም። ብስክሌት በፍጥነት ሲጓዝ የሚታጠፈው በዋነኛነት አካልን በማዘንበል ስለሆነ መሪው የሚዞረው በጣም በጥቂቱ ነው። ችግሩ የሚታየው በዝግታ በሚነዳበት ጊዜ ነው፤ በጠባብ መንገድ ላይ ዞሮ ለመመለስ ሲሞከር፣ ጉድጓድን ለመሸሽ መሪው በድንገት ሲጠመዘዝ፣ በዳገት ላይ ብስክሌቱ ሲንገዳገድ፣ ወይም የትራፊክ መብራት ሲለቅ በመጀመሪያው የፔዳል ምት ላይ። ጎማው ጫማውን ሲነካ መሪው ለቅጽበት ይያዛል፤ ብስክሌተኛውም ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ዋና መሣሪያ ያጣል። አወዳደቁ በዝግታ ቢሆንም፣ የሚወድቀው ተሽከርካሪ በአጠገቡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆነ ውጤቱ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ክፍተቱን የሚወስኑ ልኬቶች

ክፍተቱን ለመገመት ሦስት ልኬቶች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የፔዳል ክንዶች ከሚዞሩበት መሐል እስከ ፊት ጎማ እምብርት ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ከጎማው እምብርት እስከ ጎማው የውጭ ጠርዝ ያለው ርቀት ሲሆን፣ ሦስተኛው የፔዳል ክንድ ርዝመት ነው። ከመጀመሪያው ልኬት ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲቀነሱ የሚቀረው ቁጥር ከፔዳሉ መሐል እስከ ጎማው ያለውን ርቀት በግምት ያሳያል።

ለምሳሌ፣ ከፔዳል ክንዶች መሐል እስከ ፊት ጎማ እምብርት 62 ሴንቲ ሜትር የሆነና 26 ኢንች ጎማ ያለው ብስክሌት ይወሰድ። የጎማው ግማሽ ስፋት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የፔዳል ክንዱ ደግሞ በብዙ ብስክሌቶች ላይ እንደሚገኘው 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቀሪው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የእግሩን ሰፊ ክፍል፣ ማለትም ከአውራ ጣት ሥር ያለውን የፊት መዳፍ፣ በፔዳሉ ላይ የሚያሳርፍ ጎልማሳ የጫማው ጫፍ ከፔዳሉ መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይወጣል። በዚህ ሁኔታ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ይኸው ሰው የእግሩን መሐል በፔዳሉ ላይ ቢያሳርፍ ግን ጫማው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚወጣ መደራረብ ይፈጠራል። በጎማው ላይ ፓራፋንጎ ከተገጠመ ደግሞ ክፍተቱ ይበልጥ ይጠባል።

በሌላ በኩል ፍሬሙ ትንሽ፣ ጎማው ግን 28 ኢንች የሆነ ብስክሌት ይታይ። የፊት ርቀቱ 58 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማው ግማሽ ስፋት 35 ሴንቲ ሜትር፣ የፔዳል ክንዱ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚቀረው 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ብስክሌት ላይ እግሩን በትክክል ያሳረፈ ሰው እንኳ ጫማው ከጎማው ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን ደንብ መሠረት የእግር ማሰሪያ የሌለው ብስክሌት ከፔዳሉ ዘንግ መሐል እስከ ጎማው ወይም እስከ ፓራፋንጎው፣ መሪው ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር፣ ቢያንስ 89 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ይህ ዝቅተኛው ልክ ሲሆን ትልቅ ጫማ ለሚያደርግ ሰው በቂ ላይሆን ይችላል።

በቅድሚያ የፍሬሙ ልክ

የጫማ ክፍተት ከፍሬሙ ልክ ተለይቶ አይታይም። ጎማው እንዳይነካው ብሎ ከአቅሙ በላይ ትልቅ ብስክሌት የሚገዛ ሰው አንዱን ችግር ለመሸሽ ወደ ባሰው ይገባል። በድንገት ሲቆም እግሩ መሬት የማይደርስ፣ መሪውን ለመያዝ ተንጠራርቶ የሚነዳ ሰው ብስክሌቱን መቆጣጠር አይችልም።

ትክክለኛውን ልክ ለማወቅ የውስጥ እግር ርዝመት መለካት ያስፈልጋል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ ይቆማል፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መሐል ሽቅብ ተገፍቶ ይያዝና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። ለከተማ መንገድ ለሚያገለግል ብስክሌት ይህ ቁጥር በ0.66 ሲባዛ ተስማሚ የሆነው የፍሬም ቁመት በሴንቲ ሜትር ይገኛል። የውስጥ እግሩ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወደ 50 ሴንቲ ሜትር የተጠጋ ፍሬም ያስፈልገዋል ማለት ነው። የፍሬሙ ቁመት የሚለካው የፔዳል ክንዶች ከሚዞሩበት መሐል አንሥቶ የመቀመጫው ዘንግ እስከሚገባበት ቱቦ አናት ድረስ ነው።

ከስሌቱ ጋር በአካል መሞከርም ተገቢ ነው። ብስክሌተኛው ከመቀመጫው ፊት የላይኛውን ቱቦ በእግሮቹ መሐል አድርጎ ሲቆም በአካሉና በቱቦው መካከል ቢያንስ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ተቀምጦ ተረከዙን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት፤ የፊት መዳፉን ሲያሳርፍ ደግሞ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፋል። መሪውን ሲይዝ ክርኑ ጥቂት መታጠፍ ይኖርበታል። የመቀመጫው ዘንግ ከፍ ሲደረግ በላዩ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ወሰን ምልክት በላይ መውጣት የለበትም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የጫማውን ክፍተት ለማጣራት የሚከተለውን ቅደም ተከተል መጠቀም ይቻላል።

አንደኛ፣ ብስክሌተኛው በዕለት ተዕለት ጉዞ የሚያደርገውን ጫማ ያደርጋል። በነጠላ ጫማ ተሞክሮ የተገዛ ብስክሌት በቡት ጫማ ሲነዳ ሌላ ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ብስክሌቱ በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ሌላ ሰው የኋላውን ክፍል አጥብቆ ይይዛል። ብስክሌተኛውም ተቀምጦ የኋላ ፍሬኑን ይይዛል።

ሦስተኛ፣ የቀኙ ፔዳል ወደ ፊት ተዘርግቶ ከመሬት ጋር ትይዩ እንዲሆን ይደረጋል። እግሩም እንደ ወትሮው በፔዳሉ ላይ ያርፋል።

አራተኛ፣ መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል። ጎማው ወይም ፓራፋንጎው ጫማውን የሚነካ ከሆነ መሪው ምን ያህል ከዞረ በኋላ እንደነካ ይታያል። በጥቂቱ ብቻ ሲዞር የሚነካ ከሆነ ብስክሌቱ ለዚያ ሰው አይስማማም።

አምስተኛ፣ ፍተሻው በግራ ፔዳልና መሪውን ወደ ቀኝ በማዞር ይደገማል።

በመጨረሻም ተሽከርካሪ በሌለበት ሜዳ በዝግታ እየነዱ በጠባቡ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መዞር ያስፈልጋል። ብስክሌት በሰዓት የሚከራይ ሰውም ቢሆን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ይህን ፍተሻ ቢያደርግ የሚወስድበት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ

ባገለገለ ብስክሌት ላይ የጠበበ ክፍተት ሌላ ምሥጢር ሊደብቅ ይችላል። ብስክሌት ከፊት ለፊት ከግንብ፣ ከተሽከርካሪ ወይም ከጉድጓድ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ሊታጠፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጎማው ወደ ፔዳሉ ስለሚጠጋ ቀድሞ የነበረው ክፍተት ይጠባል። ስለዚህ ፍሬሙ በቂ ርዝመት ያለው ሆኖ ሳለ ጎማው ጫማውን የሚነካ ከሆነ ገዢው የግጭት ምልክት መኖር አለመኖሩን ሊመረምር ይገባል።

ብስክሌቱን ከጎን ሲመለከቱት ሹካው ወደ ኋላ የጎበጠ መስሎ መታየቱ፣ ከመሪው ሥር ባሉት ቱቦዎች ላይ ቀለም መሰንጠቁ ወይም ብረቱ መጨማደዱ፣ እንዲሁም መሪው ተለቆ ሲነዳ ብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን መሳቡ ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲነዱት ጫማ የማይነካ የነበረ ብስክሌት ከግጭት በኋላ መንካት ከጀመረም ትርጉሙ ይኸው ነው። የታጠፈን ሹካ በመዶሻ ወይም በጉልበት አቃንቶ መንዳት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ብረት ስለሚዳከም በጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላል። ተገቢው መፍትሔ ለዚያ ብስክሌት ልክ በሆነ ሹካ መተካት ነው። ፍሬሙ ራሱ የተጨማደደ ከሆነ ብስክሌቱን አለመግዛት ይመረጣል።

ሊስተካከል የሚችለውና የማይችለው

ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚያስገኙ ማስተካከያዎች አሉ። እግርን በፔዳሉ ላይ በትክክል ማሳረፍ ያለ ምንም ወጪ ከፍተኛውን ለውጥ ያመጣል። የተጣመመ ወይም ከጎማው ርቆ የተገጠመ ፓራፋንጎ ሲስተካከልም ክፍተቱ ይሰፋል። ወፍራም ጎማ በቀጭን መለወጥና የፔዳል ክንዱን በአጭር መተካት እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ሊሰጡ ይችላሉ።

እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ጉድለቱ አነስተኛ ሲሆን ነው። ከላይ በሁለተኛው ምሳሌ እንደታየው 4 ሴንቲ ሜትር የሚደራረብ ብስክሌት በእነዚህ ማስተካከያዎች አይድንም። ከዚህም ሌላ ፍሬሙ ከተሠራለት ልክ የሚበልጥ ጎማ መግጠም ክፍተቱን ከማጥበቡም በላይ ጎማው ከሹካውና ከፍሬኑ ጋር እንዲፋተግ ስለሚያደርግ ሊወገድ ይገባዋል።

መጠነኛ መደራረብ ያለውን ብስክሌት የሚነዳ ሰው

መጠነኛ መደራረብ መኖሩ ብቻውን ብስክሌቱን ከአገልግሎት ውጭ አያደርገውም። በተለይ ለውድድር የተሠሩና ትንንሽ ፍሬም ያላቸው ብስክሌቶች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ሆኖም ብስክሌተኛው ይህን አስቀድሞ ማወቅና አነዳዱን በዚያው መጠን ማስተካከል አለበት። በዝግታ በሚታጠፍበት ጊዜ ፔዳል መምታቱን አቁሞ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ያለውን እግር ወደ ፊት፣ ተቃራኒውን ወደ ኋላ ቢያደርግ ጎማው ጫማውን አያገኘውም። ጠባብ ቦታ ላይ ዞሮ ለመመለስ ሲፈልግ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ መዞር ከሁሉ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ፔዳሉ ከኋላ ጎማ ጋር ያለማቋረጥ አብሮ በሚዞርበት የብስክሌት ዓይነት ላይ ግን እግርን ማቆም ስለማይቻል መደራረቡ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል።

ለልጆችና ቁመታቸው አጠር ላለ ሰዎች

በዚህ ችግር ይበልጥ የሚጎዱት ቁመታቸው አጠር ያለ ሰዎች፣ በተለይም ብዙ ሴቶችና ታዳጊዎች ናቸው። ምክንያቱም ፍሬሙ ሲያንስ ጎማው በዚያው መጠን ሳያንስ ሲቀር የፊት ርቀቱ ይጠባል። ለእነዚህ ተጠቃሚዎች 24 ኢንች ጎማ ያለው ወይም የላይኛው ቱቦው ዝቅ ብሎ የፊት ርቀቱ ረዘም ያለ ብስክሌት መምረጥ ይመከራል። ትንሽ ጎማ የልጆች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

ወላጆች «ያድግበታል» በሚል ለልጃቸው ከልክ በላይ ትልቅ ብስክሌት መግዛታቸው የተለመደ ነው። ሐሳቡ ወጪን ለመቆጠብ ቢሆንም፣ ልጁ እስኪያድግ ድረስ ባሉት ዓመታት የሚነዳው መቆጣጠር የማይችለውን ብስክሌት ነው። ለጀማሪ ልጅ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ሳለ የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው። ልጁ ሲያድግ መቀመጫው እስከ ወሰኑ ምልክት ድረስ ከፍ ሊደረግ ይችላል፤ የጫማው ቁጥርም ስለሚጨምር የክፍተቱ ፍተሻ በየዓመቱ ሊደገም ይገባል።

የገዢው መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ እንዲሁም ዕቃውን ስለተመለከተ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት አለው። ስለሆነም ብስክሌት ላይ ተቀምጦ መሪውን ማዞር፣ በሜትር መለካትና ካልተስማማ ትቶ መሄድ የገዢው ተገቢ መብት እንጂ ሻጩን ማስቸገር ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም። ግዥው ሲፈጸም ደረሰኝ መቀበልና በጥንቃቄ መያዝ በኋላ ለሚነሣ ቅሬታ ማስረጃ ይሆናል።

በአጠቃላይ ብስክሌት የሚመረጠው በጎማው ቁጥር ሳይሆን በሚነዳው ሰው አካል ልክ ነው። የውስጥ እግርን ለክቶ ፍሬሙን መምረጥ፣ ፔዳሉን ወደ ፊት ዘርግቶ መሪውን ወደ ተቃራኒው ማዞር፣ ባገለገለ ብስክሌት ላይም ሹካውን መመርመር በሱቁ ደጃፍ ላይ የሚጠናቀቅ ሥራ ነው። ይህ ሳይደረግ የተገዛ ብስክሌት ጉድለቱን የሚያሳየው በመንገድ ላይ፣ ምናልባትም በተሽከርካሪዎች መካከል ይሆናል።